ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመምን በሞባይል መተግበሪያ መከታተል

ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመምን በሞባይል መተግበሪያ መከታተል ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ የሕመሙን ሁኔታ በስልክ እየሞላ ለሐኪም የሚልክበት የሕክምና ክትትል ዘዴ ነው። በዋናነት የሚያገለግለው ለክሮንስ በሽታና ለአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው። ሁለቱም ጋብ ብለው እንደገና የሚያገረሹ የአንጀት መቆጣት በሽታዎች በመሆናቸው፣ ሕመሙ የሚነሣበት ቀን ከቀጠሮ ቀን ጋር ላይገጥም ይችላል።

አሠራር

ሕመምተኛው በቀን ስንት ጊዜ ሰገራ እንደወጣ፣ ደም መኖሩን፣ የሆድ ቁርጠቱን፣ ክብደቱንና መድኃኒት መውሰዱን ይመዘግባል። መተግበሪያው መልሶቹን ወደ ነጥብ ይለውጣል፤ ነጥቡ ከወሰን ሲያልፍ ለነርስ ወይም ለሐኪም ማስጠንቀቂያ ይደርሳል።

በኔዘርላንድ ማይአይቢዲኮች በተባለ ሥርዓት ላይ 909 ሕመምተኞች ለ12 ወራት የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት መጽሔት ታትሟል። በሥርዓቱ የተከታተሉት በዓመት በአማካይ 1.55 ጊዜ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት ደግሞ 2.34 ጊዜ ወደ ተመላላሽ ሕክምና ሄደዋል። ሆስፒታል ተኝቶ መታከምም ቀንሷል።

በከሚሴና አካባቢው

ከሚሴ የአማራ ክልል ኦሮሚያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዞኑ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ስለሚነገሩ፣ እዚህ የሚያገለግል መተግበሪያ ጥያቄዎቹን በሁለቱም ቋንቋዎች፣ ማንበብ ለማይችሉም በድምፅ ማቅረብ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ቅርብ የሆነው አሠራር የጤና ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃን በታብሌት ይመዘግቡበታል፤ ኔትወርክ በሌለበት መረጃውን ይዞ ቆይቶ ሲገኝ ይልካል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ይህ ባሕርይ ለሕመምተኛ ክትትልም አስፈላጊ ነው።

ገደቦች

መተግበሪያ በሽታን ለይቶ አያውቅም። የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ከክሮንስ በሽታ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ቲቢ ያለበት ሰው ለክሮንስ የሚታዘዙትን የሰውነት መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ቢወስድ ለከፋ አደጋ ይጋለጣል። አሜባም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ ከርቀት ክትትል በፊት በሐኪም የተረጋገጠ ምርመራ ያስፈልጋል።

የጤና መረጃ ምስጢራዊነት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠበቃል። ስልክ በቤተሰብ በጋራ በሚያዝበት ቤት ግን መተግበሪያው የራሱ የይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል።

ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወይም ከትውከት ጋር የሆድ መነፋትና የሰገራ መቆም ከታየ፣ የመተግበሪያውን መልስ ሳይጠብቁ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።