የደብር መዝገብና የፊት መልክ፤ የፖላንዳውያንን የትውልድ ሐረግ ስለ መመርመር

ከዋርሶ በስተምዕራብ፣ ከዎቪች ከተማ ሳይርቅ፣ ቫሌቪትሴ የሚባል የመኳንንት ርስት አለ። በዚሁ ርስት በሜይ 4 ቀን 1810 አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል)። የርስቱ ጌታ ካውንት አናስታዚ ቫሌቭስኪ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር። ሕፃኑንም ልጄ ነው ብለው ተቀበሉት፤ አሌክሳንደር ቫሌቭስኪ ተብሎም በስማቸው ተጠራ። ይሁን እንጂ ልጁ አድጎ በፓሪስ መታየት በጀመረ ጊዜ፣ ያዩት ሰዎች ቁርጥ ናፖሌዎንን ነው እያሉ ያንሾካሽኩ ጀመር። እናቱ ማሪያ ቫሌቭስካ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተዋወቀችው በ1807 መግቢያ በዋርሶ ሲሆን፣ ከቫግራም ጦርነት በኋላ በ1809 በቪየና ከእርሱ ዘንድ ነበረች።

እንግዲህ ወረቀቱ ቫሌቭስኪ ይላል፤ ፊቱ ቦናፓርት ይላል። ከሁለቱ ማንን እንመን? ጥያቄው የአንድ መኳንንት ቤት ምሥጢር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለወሬ አፍቃሪዎች በተተወ ነበር። ነገር ግን የፖላንድን የትውልድ ሐረግ የሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ አያቱ ገበሬም ይሁን መስፍን፣ ከእነዚህ ሁለት ምስክሮች ጋር መጋፈጡ አይቀርም።

አስቀድሞ ስለ መዝገቡ እንናገር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1563 እያንዳንዱ የደብር ቄስ የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ በ1614 የወጣው የሮማ ሥርዓተ መጽሐፍም የሙታንን መዝገብ ጨመረበት። በፖላንድ እነዚህ መዛግብት በላቲን ይጻፉ ነበር። ክርስትና የተነሣው ሕፃን፣ ወላጆቹ፣ መንደራቸው፣ የክርስትና አባትና እናቱ በጥቂት መስመሮች ይሰፍራሉ። ልምድ ያለው መርማሪ ከወላጆቹ ስም ይልቅ የክርስትና አባቱን ስም አጥብቆ ይከተላል፤ ክርስትና አባት የሚሆነው ብዙ ጊዜ አጎት ወይም ጎረቤት ስለሆነ፣ የጠፋው ዘመድ የሚገኘው በዚያ በኩል ነው።

በ1808 የናፖሌዎን ሕግ በዋርሶ መስፍንነት ግዛት ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የደብሩ ቄስ የክብር መዝገብ ሹምም ሆነ። ከዚህ በኋላ የልደቱ ጽሑፍ በፖላንድ ቋንቋ እንደ ትረካ ይጻፍ ጀመር፤ አባትየው ሁለት ምስክሮች አስከትሎ ሹሙ ፊት ይቀርባል፣ ዕድሜውንና ሥራውን ይናገራል፣ ሕፃኑንም ያሳያል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ በደብሩ ሲቀር ሌላው ወደ ፍርድ ቤት ይላካል። ይህ ሁለተኛ ቅጂ ያደረገው ውለታ ተነግሮ አያልቅም፤ ደብሩ በጦርነት ተቃጥሎ የፍርድ ቤቱ ቅጂ የተረፈለት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። በአንጻሩም በ1944 በዋርሶ እሳት ሁለቱም የጠፉበት አለ።

ፖላንድ ለሦስት ኃያላን መንግሥታት ተከፋፍላ ስለነበር መርማሪው አንድ ቤተሰብ ተከትሎ ብዙ ቋንቋ መሻገር ግድ ይሆንበታል። ኦስትሪያ በያዘችው ክፍል ከ1784 ጀምሮ መዝገቡ በዓምድ የተከፈለ የላቲን ሰንጠረዥ ሲሆን የቤቱ ቁጥር እንኳ ይጻፍበታል፤ ሩሲያ በያዘችው ክፍል ከ1868 ጀምሮ በሩሲያኛ ተጻፈ። ቮይቼክ የሚባለው ሰው በላቲኑ መዝገብ አዳልበርቱስ ሆኖ ይገኛል። የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያገኘ መስሎት ሐረጉን በዚያው ይቆርጠዋል። ወንዱ ቫሌቭስኪ ሲባል ሴቲቱ ቫሌቭስካ መባሏም ለእንግዳ ሰው እንዲሁ ወጥመድ ነው።

መዝገቡ የሚነግረን ግን ሰዎች የተናገሩትን ነው። ለዚህ ከቫሌቪትሴ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በ1810 የተጻፈ የታወቀ ማስረጃ አለ። በዤላዞቫ ቮላ የተወለደው ፍሬደሪክ ሾፐን ኤፕሪል 23 ቀን በብሮኹፍ ቤተ ክርስቲያን ሲመዘገብ የተወለደው ፌብሩዋሪ 22 ቀን ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ቤተሰቡና ራሱ ሙዚቀኛው ግን ልደቱን የሚያከብሩት ማርች 1 ቀን ነበር። እነሆ፣ ቀኑን የተናገሩት ወላጆች ናቸው፤ ቀኑን የሚክዱትም እነርሱው ናቸው።

የቫሌቭስኪ ነገር ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ልጅ አባቱ ባልየው ነው የሚለው ደንብ በናፖሌዎን ሕግ በግልጽ የሠፈረ ነው፤ ይኸው ሕግ አባትነትን በምርመራ መፈለግንም ከልክሏል። ስለዚህ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ በሌላ ሰው ስም እንዲጸና ያደረገው የራሱ የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ ነው ማለት ነው። (ደንቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በተረቀቀው በ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሠፍሮ ነበር።) በእኔ አስተያየት የቫሌቪትሴው ወረቀት አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሕጋዊው አባት ማን እንደሆነ ነበርና በሚገባ መለሰ።

ወደ መልክ ስንመለስ፣ ወረቀት በሌለበት ስፍራ ምን ያህል እንደሚያገለግል ሃይቲን መመልከት ይበቃል። በ1802 እና በ1803 ናፖሌዎን ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ፖላንዳውያን ወታደሮችን ለነጻነታቸው የተነሡትን ባሮች እንዲወጉለት ወደዚያች ደሴት ላከ። አብዛኞቹ በቢጫ ወባና በጦርነት አለቁ፤ በግምት 400 ያህሉ በዚያው ቀሩ። የ1805ቱ የሃይቲ ሕገ መንግሥት ነጮች ርስት እንዳይኖራቸው ሲከለክል፣ ዜግነት የተሰጣቸውን ፖላንዳውያንና ጀርመኖች ከክልከላው አወጣ። ዛሬ ካዛል በምትባለው የተራራ መንደር ፈካ ያለ ዐይን ያላቸው ሰዎች ፖላንዳዊ ዘር አለን ይላሉ። ንግግራቸውን የሚያቃልል ሰው ይሳሳታል፤ የትውልድ ትዝታ ከባድ ምስክር ነውና። ነገር ግን ዐይኑ ብቻውን ፖላንዳዊውን ከጀርመናዊውና ከፈረንሳዊው ለይቶ አይናገርም።

መልክን ዳኛ ማድረግ ወዴት እንደሚያደርስ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ፖላንዳውያን ራሳቸው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚ የዘር መርማሪዎች የፖላንድ ሕፃናትን ጠጉርና የዐይን ቀለም እየመረመሩ፣ ራሳቸውን እየለኩ፣ ጀርመን የሚመስሉትን ከወላጆቻቸው ነጠቁ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በዚህ መንገድ ተወሰዱ። ሐሰተኛ የልደት ወረቀትና የጀርመን ስም እየተሰጣቸው ወደ ማሳደጊያዎችና ወደ ጀርመን ቤተሰቦች ተላኩ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በተናገሩ ጊዜ ይቀጡ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሮማን ህራባር የተባሉ ፖላንዳዊ የሕግ ሰው ፍለጋውን መሩ። አዲሱ ስም ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ጋር በድምፅ ወይም በትርጉም እንዲቀራረብ ተደርጎ ስለነበር፣ የወንጀሉ ብልሃት ራሱ ፍንጭ ይሰጥ ነበር። ቢሆንም እናቱን ያላስታወሰ፣ ተመልሶም ቋንቋዋን ያልሰማላት ልጅ ብዙ ነው፤ ጨርሶ ያልተመለሰውም ከዚያ ይበልጣል። እዚህ ላይ ፊት ለሌባው መሰከረ። ያ ልጅ የማን እንደሆነ ሳይለወጥ የጠበቀው በተወለደበት መንደር የቀረው የመዝገብ መስመር ነበር።

የአሌክሳንደር ቫሌቭስኪ ጉዳይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሐሜትና በወረቀት መካከል ቆየ። እርሱ ራሱ በናፖሌዎን ሦስተኛ ዘመን የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ፣ በ1856 የፓሪስን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርቶ፣ በ1868 በስትራስቡርግ ዐረፈ። በ2013 የታተመ ጥናት ከእርሱ በወንድ መስመር የሚወለድ በዘመናችን ያለ ሰው፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞሙ ከቦናፓርት ቤተሰብ ጋር እንደሚገጥም አሳየ። በፓሪስ ያንሾካሹኩ የነበሩት እውነት ነበራቸው።

ሆኖም ለማነጻጸር ናሙና ከተወሰደው የቦናፓርት ወገን አንዱ የተወለደው ከናፖሌዎን ሳይሆን ከታናሽ ወንድሙ ከዤሮም ነው። ወንድማማቾች ይህን ክሮሞዞም የሚወርሱት ከአንድ አባት ስለሆነ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ቤቱን እንጂ ሰውየውን አይለይም። ከወንድማማቾቹ መካከል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪው ማሪያ ቫሌቭስካ በ1809 የት እንደነበረች ወደሚናገሩት ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች መመለስ አለበት።