ከሮቤ እስከ ጎባ በእግር፦ የወንዶች ጭንቀትና የእግር ጉዞ

በአገራችን ወንድ ልጅ ጨጓራውን ያመዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ወገቡን ያመዋል፤ ጭንቀት ግን «አይዘውም»። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ሰው የውስጡን ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይኖራል። ሆድም ግን የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2021 መረጃ እንደሚያሳየው፣ በዓለም ላይ በዓመት ከ700 ሺሕ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ በወንዶች ላይ ያለው መጠንም ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ነው። በድብርት ሕመም በብዛት የሚያዙት ግን ሴቶች ናቸው። ለዚህ ልዩነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ወንዶች እርዳታ ለመጠየቅ መዘግየታቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉዳዩን ከመጽሐፍ በፊት ያወቀው በመንገድ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለችሎት ቀጠሮ ወደ ሮቤ ሄጄ ነበር። በከተማዋ የሚኖር የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰንብቷል። ቡና ይዘን ፊት ለፊት ስንቀመጥ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። በማግሥቱ ችሎቱ በጊዜ አለቀና «እስከ ጎባ በእግራችን ለምን አንሄድም?» አልኩት።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ እኔን ሳያይ፣ ዐይኑን ገብስ ማሳው ላይ እንደተከለ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንቅልፍ እንደራቀው፣ የደንበኛ መዝገብ ከፍቶ ያንኑ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ እንደሚዘጋው ነገረኝ። ባለቤቱ እንኳ አታውቅም። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። ጎባ ስንገባ ሐኪም ለማየት ተስማምቶ ነበር። በሚኒባስ ስንመለስ ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

የእግር ጉዞ ሕክምና ምንድን ነው?

ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የምክር አገልግሎቱን ከቢሮ አውጥቶ ከታካሚው ጋር እየተራመደ የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛው ሐኪም የሌለበት፣ ሰዎች በቀጠሮ ተገናኝተው እየተራመዱ የሚያወሩበት ቡድን ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በ7 አካባቢዎች በተካሄደ የመንግሥት ሙከራ፣ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸውን ሰዎች እንዲህ ወዳሉ ከቤት ውጭ ወደሚካሄዱ እንቅስቃሴዎች ልከዋል። ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ጫካ ውስጥ በዝግታ መመላለስን «የደን መታጠብ» ብለው ሰይመው የጤና ልማድ አድርገውታል።

ለመሆኑ መራመድ ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች አይፋጠጡም። ዝምታውም አያሳፍርም፤ እግር ሥራ ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ የቀን ብርሃንና የአካል ድካም ለሌሊት እንቅልፍ ይረዳሉ። ሦስተኛ፣ የድብርት ዋና መገለጫ የሆነውን ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማመንዠክ ይቀንሳል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 38 ጤነኛ የከተማ ነዋሪዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ዛፍና ሣር ባለበት፣ ግማሾቹ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ለ90 ደቂቃ እንዲራመዱ አደረጉ። የማመንዠኩ ስሜት የቀነሰው የመጀመሪያዎቹ ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ 218 ጥናቶችን የገመገመ ሰፊ ሥራም መራመድና ሶምሶማ የድብርት ምልክቶችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል፤ የማስረጃው ጥንካሬ ገና ውስን መሆኑን ግን አዘጋጆቹ ራሳቸው ጠቁመዋል።

ባሌ ለምን?

ለባሌ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ምዕመናን ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለውን በትራቸውን ይዘው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ለቀናት በእግራቸው ሲተሙ ኖረዋል። ክርስቲያኑም ወደ ጸበልና ወደ ንግሥ በእግሩ መሄድን ያውቅበታል። ጭንቅ ያለበት ሰው ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ ከሰው ጋር ተነሥቶ እንዲሄድ ማድረግ የቆየ ጥበብ ነው። የጠፋብን በከተማ ኑሮ ነው፤ የወንዱ መገናኛ ወይ መጠጥ ቤት ወይ የጫት ምርቃና ሆኖ ቀርቷል።

ቦታው ደግሞ ተሰጥቶናል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። ከሮቤ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲንሾ ከኮሶና ከጽድ ዛፎች ሥር፣ በጋይሳይ ሣር ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን እያዩ መራመድ ለጀማሪ የሚሆን ነው። ቀይ ቀበሮና ጅብራ የሚታዩበት የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ለሳንባ የሚደርሰው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባም የሄደ ሰው ቢሆን ሰውነቱን ሳያለማምድ ባይወጣ ይመረጣል።

እንዴት ይጀመራል?

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ሰው መሆን፣ ቀንና ሰዓቱን መወሰን፣ ስልክ ኪስ ውስጥ መክተት፣ የተሰማውን ለሌላ አለማውራት፣ ምክር ለመስጠት አለመጣደፍ በቂ ደንብ ነው። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ወደ ፓርኩ የሚገባም ተመዝግቦ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዞ ይሂድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይታለፍ መነገር አለበት። እግር ጉዞ መድኃኒትን አይተካም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና የሥራ ፍላጎት ያጣ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ብቻውን ሳይተው ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደጋ አለው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ብዙዎች «ብናገር እከሰሳለሁ፣ ከሥራ እባረራለሁ» ብለው ይፈራሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው አይቀጣም፤ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ ድርጊት ያነሳሳን ወይም የረዳን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። አዋጁ የአካልና የአእምሮ ሕመም ብሎ አልለየም። በሐኪም የተረጋገጠ ድብርት ከወባ ያነሰ መብት የለውም።

አገሪቱ በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው ብሔራዊ ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና ከአማኑኤል ሆስፒታል ግቢ ወጥቶ በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አቅዳ ነበር። ለዚህ ሐኪምና መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። የሮቤና የጎባ ማዘጋጃ ቤቶች ለእግረኛ የሚሆን መንገድ ዳር ለማበጀት፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና ጎባ የሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታሉ በባለሙያ የሚመራ ጉዞ ለመሞከር፣ ዕድሮችም ለቀብር የሚያሰባስቡትን ሰው በሕይወት እያለ ለማሰባሰብ የሚያስፈልጋቸው ግን ይህን ያህል አይደለም።

ጓደኛዬ ሕክምናውን ተከታትሎ ወደ ችሎት ተመልሷል። እሑድ እሑድ ጠዋት ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ወደ ጎባ መንገድ ይወጣል። አንባቢ ሆይ፣ ስልክ ማንሳት ያቆመ ወዳጅ ካለህ፣ «ምን ሆነህ ነው?» ብለህ አትጠይቀው። «ጫማህን አድርግ፣ እንውጣ» በለው።