ያልታወቀ ሥራ ግብ፦ የትምህርት ንድፍ ተማሪዎች የሙያ ዕቅድ በሎክና በላተም ንድፈ ሐሳብ ፊት

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ንድፍ ሁለተኛ ዲግሪውን ለመማር የገባ ሰው፣ ገና ትምህርቱን ሳይጀምር የሙያ ዕድገት ዕቅድ እንዲጽፍ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዕቅዱ ላይ የሚሰፍረው ግብ ተለይቶ የታወቀ፣ የሚለካ፣ ሊደረስበት የሚችልና ቀን የተቆረጠለት እንዲሆን ይፈለጋል። ይህ ልማድ መሠረቴ የሚለው ጥናት ልማዱን አይደግፈውም። ይባስ ብሎም ከዚያው የምርምር ዘርፍ የወጣ፣ በትምህርት ንድፍ ክፍሎች ግን እምብዛም የማይነሳ አንድ ሥራ ተቃራኒውን ያሳያል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ይኸው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዓላማ አጻጻፍ የተባለውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ራልፍ ታይለር በ1949፣ ሮበርት ሜገር በ1962፣ ማልኮም ኖልስ በ1975 የጻፏቸው መጻሕፍት የታወቁ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። «ስማርት» በሚል ምኅፃረ ቃል የምናውቀውን መመዘኛ በ1981 ያስተዋወቀው ጆርጅ ዶራን ግን አንድ ነገር ሊባልለት ይገባል። ዶራን ይጽፍ የነበረው ለሥራ አስኪያጆች ነው፤ ከአምስቱ መመዘኛዎቹ አንዱ ሥራውን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ መመደብን ይመለከታል። እያንዳንዱ ዓላማ አምስቱንም ያሟላ ዘንድ ግድ እንዳልሆነም እዚያው ላይ ተናግሯል። የዛሬውን የዕቅድ ቅጽ ያዘጋጁ ሰዎች እስከዚህ ድረስ ያነበቡት አይመስልም።

ዋናው ክርክሬ ከኤድዊን ሎክና ከጋሪ ላተም ጋር ነው። ሎክ በ1968 ያነሳው፣ ሁለቱ በ1990 በመጽሐፍ ያደራጁት፣ በ2002 ደግሞ የ35 ዓመት ጉዞውን የገመገሙት ንድፈ ሐሳብ፣ ቁርጥ ያለና ከበድ ያለ ግብ «የቻልከውን ያህል ሥራ» ከሚለው ማሳሰቢያ የተሻለ ውጤት ያመጣል ይላል። ማስረጃውም ብዙ ነው፤ ከ100 በላይ የሥራ ዓይነቶችና ከ40,000 በላይ ተሳታፊዎች ይጠቀሱለታል። ይህን የሚያህል ቁጥር ሲጠራ አብዛኛው አንባቢ እጁን ይሰጣል። ሆኖም ተሳታፊዎቹ ምን ይሠሩ ነበር? ሥራውንስ ከመቼ ጀምሮ ያውቁት ነበር?

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰውን የላተምንና የባልደስን የ1975 ጥናት እንውሰድ። በኦክላሆማ ግንድ የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች ሕግ ከሚፈቅደው ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጭኑ ነበር። «የቻላችሁትን ጫኑ» መባሉ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። 94 በመቶ የሚል ግብ ሲሰጣቸው ግን ጭነቱ ከፍ ብሎ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ90 በመቶ አለፈ። ውጤቱ አስደናቂ መሆኑን አልክድም። ግን ሾፌሮቹ ግንድ እንዴት እንደሚጫን ሊማሩ አልመጡም፤ ያውቁታል። የጎደላቸው ለምን ያህል መትጋት እንዳለባቸው የሚነግራቸው ልክ ነበር። ክብደቱን የሚናገር ሚዛንም ነበራቸው። የመጀመሪያውን የፍላጎት ዳሰሳ ለማድረግ የተቀመጠ የማስተርስ ተማሪ ሁለቱም የሉትም፤ ሥራውን አያውቀውም፣ ሥራው በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስልም ገና አላየም።

ችላ የተባለው ምንጭ ሩት ካንፈርና ፊሊፕ አከርማን በ1989 ያሳተሙት ሥራ ነው። በሦስት ሙከራዎች 1,010 የአሜሪካ አየር ኃይል ሠልጣኞችን የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን በሚያስመስል የኮምፒውተር ልምምድ ላይ አሰማሩ። ሠልጣኙ ተራ የሚጠብቁትን አውሮፕላኖች እንደ ነፋሱ፣ እንደ ማኮብኮቢያው ሁኔታና እንደቀራቸው ነዳጅ እየመረጠ ማሳረፍ ነበረበት። ደንቡ ገና ሳይገባቸው የውጤት ግብ የተሰጣቸውን ግቡ ራሱ ከመማር አሰናከላቸው። ሥራው ከገባቸው በኋላ ሲሰጣቸው ግን ረዳቸው። የሰው ትኩረት ውስን ነው ይላሉ ተመራማሪዎቹ፤ አዲስ ሥራ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ይፈልገዋል። ግቡ «ስንት አሳረፍኩ? ስንት ቀረኝ?» እያሰኘ ሰውየውን ራሱን ወደ መቆጣጠር ሲያዞረው፣ ለመማር የሚያስፈልገውን ትኩረት ይሻማዋል።

ሎክና ላተም ይህን መሰሉን ግኝት ደብቀዋል ማለት ሐሜት ይሆናል። በ2002ቱ ግምገማ የሥራ ውስብስብነት የግብን ኃይል ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ሁኔታዎች እንደ አንዱ ተቆጥሯል። ላተም ራሱ ከዊንተርስ ጋር በ1996፣ ለቀላል ሥራ የውጤት ግብ፣ ለውስብስብ ሥራ ደግሞ የመማር ግብ (ምን ያህል መሥራትን ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅን የሚያልም) እንደሚሻል አሳይቷል፤ በ2005 ከሴይትስ ጋር የትኛው መቼ እንደሚበጅ ጽፏል። ጥፋቱ ያለው በአመዳደቡ ላይ ነው። ለእነሱ የውጤት ግብ ደንብ ነው፣ የመማር ግብ ደግሞ ልዩ ሁኔታ። ተማሪ ግን ሁልጊዜ በልዩው ሁኔታ ውስጥ ነው፤ ተማሪ ያሰኘውም ይኸው ነው። የትምህርት ንድፍ ተማሪ ደግሞ ከሌላው ይብሳል፤ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት የሚማሩት ሰዎች፣ ይዘቱ፣ የይዘቱ ባለሙያና ሥራውን ያዘዘው ድርጅት አዲስ ይሆኑበታል።

ጎርደን ሮውላንድ በ1992 ልምድ ያላቸውንና ጀማሪ ነዳፊዎችን ሲያነጻጽር፣ ጀማሪው ችግሩን እንደተሰጠው ተቀብሎ ወደ መፍትሔው ሲቸኩል፣ ነባሩ ግን ችግሩን ራሱን ሲመረምር እንደሚቆይ አስተውሏል። ከዚህ ተነሥቼ አንድ ግምት ልሰንዝር፤ ጀማሪው የራሱን የሙያ ግብ ሲጽፍም እንዲሁ ይቸኩላል። የሚታየው ትምህርት የሚሠራበት ሶፍትዌር ነውና ግቡን በሶፍትዌሩ ላይ ይጥላል፦ «እስከ ታኅሣሥ አርቲኩሌት ስቶሪላይንን ጠንቅቄ አውቃለሁ»። መመዘኛውን በሙሉ ያሟላል። ከዓመታት በፊት በዚያው ዓይነት ቅጽ ላይ ፍላሽን የጻፈም ያሟላ ነበር፤ አዶቢ ግን በ2020 መጨረሻ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ።

ለጉዳያችን እጅግ የቀረበው ማስረጃ የላተምና የብራውን የ2006 ጥናት ነው። የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ተማሪዎችን ተመልክተው፣ ምን ለመማር እንደሚፈልጉ ለይተው ግብ ያወጡት፣ የዓመት መጨረሻ አማካይ ውጤትን ብቻ ግብ ካደረጉት የተሻለ ነጥብ እንዳመጡና በትምህርታቸውም ይበልጥ እንደረኩ ዘግበዋል። ንግድ ንድፍ አይደለምና ድምዳሜውን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። ጥንቃቄው ግን የድኅረ ምረቃ ተማሪን ከኦክላሆማ ሾፌር ጋር ለሚያመሳስለው ወገን ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የውጤት ግብ ከሌለ ተማሪው ይዝረከረካል ይባላል፤ የመማር ግብም ቁርጥ ያለና ከባድ ሊሆን ይችላል። «የይዘት ባለሙያው ሁሉም ይግባ ሲለኝ የሚቀነሰውን የምለይባቸው ሦስት መንገዶች አገኛለሁ፤ በሁለት ፕሮጀክት ላይም እሞክራቸዋለሁ» የሚል ግብ መዝረክረክ አይደለም። የኮምፒውተር ልምምድ ንድፍን አይወክልም የሚልም አለ፤ ንድፍ ከዚያ ልምምድ ይበልጥ የተወሳሰበ ስለሆነ ተቃውሞው እኔን ያግዛል። ቀጣሪዎች የሚለካ ነገር ይፈልጋሉ፣ ለዚህም ዓለም አቀፉ የሥልጠና፣ የአፈጻጸምና የማስተማር መመዘኛዎች ቦርድ በ2012 በ5 ዘርፎች 22 ብቃቶችንና 105 የአፈጻጸም መግለጫዎችን አውጥቷል የሚሉም አሉ። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ የሚገልጸው ግን በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ የሚያደርገውን ነው። ከዚያ አንዱን ቀድቶ ቀን መቁረጥ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ አያሳይም።

የሚቀረው የመማር ግቡ በውጤት ግብ መቼ ይተካ የሚለው ነው። ካንፈርና አከርማን ለንድፍ ቀን አልቆረጡም፤ እኔ ግን ተማሪው አንድ ፕሮጀክት ከፍላጎት ዳሰሳው ጀምሮ በእውነተኛ ተማሪዎች ላይ እስከ መሞከር ካደረሰ በኋላ እላለሁ። እስከዚያ ድረስ አማካሪው ከውጤት ግብ ይልቅ ጥያቄ ይጠይቀው፦ ምን አልገባህም? እንደገባህ የሚያሳየው የትኛው ሥራህ ነው? ቅጹም ከትምህርቱ መጀመሪያ ወደ ሁለተኛው ዓመት ይዛወር። በአንድ ዓመት በሚያልቁ የኦንላይን ፕሮግራሞች ግን ከመጀመሪያው ፕሮጀክት በኋላ ለውጤት ግብ የሚተርፍ ጊዜ የለም፤ እዚያ የውጤት ግቡ ለተመራቂው የመጀመሪያ ቀጣሪ ቢተውለት ይሻላል።