ኮካቲየል፦ ጾታና የቀለም ዓይነቶች

ኮካቲየል (ሳይንሳዊ ስሙ ኒምፊከስ ሆላንዲከስ) በአውስትራሊያ የሚገኝ፣ በኮካቱ አስተኔ የሚመደብ ባለ ጉትዬ ትንሽ በቀቀን ነው። ርዝመቱ ከነጭራው ከ30 እስከ 33 ሳንቲሜትር ነው። በቤት በሚረባው ኮካቲየል የጾታው ምልክት እንደ ቀለሙ ዓይነት ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ ቀለሙን መለየት ያስፈልጋል።

የዱር ቀለም

መላ አካሉ ግራጫ ሆኖ በክንፉ ላይ ነጭ፣ በጉንጩ ላይ ብርቱካናማ ምልክት አለው። የጎለመሰ ወንድ ፊቱ ደማቅ ቢጫ ነው። የሴቷ ፊት ወደ ግራጫ ያደላል፤ ከጭራዋም ሥር ቢጫና ግራጫ መስመሮች አሉ። ጫጩቶች ሁሉ ሴት ይመስላሉ፤ ወንዱ የሚለየው የመጀመሪያ ላባውን ከቀየረ በኋላ ነው።

የቀለም ልውጦች

* ሉቲኖ፦ ሜላኒን ስለሌለው ነጭ ወይም ቢጫ ነው። በሴቷ ጭራ ሥር ያሉት ፈዛዛ ቢጫ መስመሮች በደማቅ ብርሃን ይታያሉ።
* ፐርል፦ ላባው ነጠብጣብ አለው። ወንዱ ሲጎለምስ ነጠብጣቡ በአብዛኛው ይጠፋል፤ የሴቷ ግን ይቀራል። ስለዚህ ወጣት ወንድ ፐርል ብዙ ጊዜ ሴት ነው ተብሎ ይሸጣል።
* ነጭ ፊት፦ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም የለውም። የጎለመሰው ወንድ ፊት ነጭ፣ የሴቷ ግራጫ ነው።
* ፓይድ፦ ዝንጉርጉር ነው። ምልክቶቹ ስለሚሸፈኑ የዲኤንኤ ምርመራ ያስፈልጋል።

ውርስ

የሉቲኖና የፐርል ዘረመል የሚገኘው በዜድ ክሮሞሶም ላይ ሲሆን፣ ሴት ወፍ ያላት አንድ ዜድ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ሉቲኖ አባትና ግራጫ እናት ሲዳቀሉ ሴቶቹ ጫጩቶች ሉቲኖ፣ ወንዶቹ ግራጫ ስለሚሆኑ ጾታቸው ገና በጎጇቸው ይታወቃል።