የመጨረሻው ክፍል ታሪክ

ዶክተር ሪቻርድ ኪምብል መሸሹን ያቆመው ኦገስት 29 ቀን 1967 ማክሰኞ ማታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሰውየው የሕፃናት ሐኪም ነው። ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈርዶበት ወደ መገደያው ሲወሰድ የተሳፈረበት ባቡር ተገልብጦ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ለ4 ዓመታት፣ በ120 ክፍሎች፣ ስሙን እየቀያየረ፣ ያገኘውን ሥራ እየሠራ፣ ከከተማ ከተማ እየሸሸ አንድ እጅ የሌለውን እውነተኛ ገዳይ ሲፈልግ ኖረ። ዴቪድ ጃንሰን መሪ ሆኖ የተጫወተበት ይህ “ዘ ፊዩጂቲቭ” የተሰኘ ድራማ ሲጠናቀቅ 78 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ ተመልክቶታል። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው ሰው 72 በመቶው ኤቢሲ ጣቢያ ላይ ነበር።

በዚያ ዘመን ተከታታይ ድራማን በወጉ የመቋጨት ልማድ አልነበረም። ድራማው ተመልካች ሲያጣ ወይም ስፖንሰር ሲሸሸው ይቋረጣል፤ የመጨረሻው ክፍል ከሌላው ክፍል በምንም አይለይም። እኔ በሙያዬ ኤዲተር ነኝ፤ ተከታታይ ድራማ ስቆርጥና ስቀጥል ነው የምውለው። ለዚህም ነው ታሪክን በወጉ የመቋጨት ልማድ ከየት እንደመጣና ማን እንደጀመረው ለማወቅ ስፈልግ የኖርኩት። የመጨረሻው ክፍል የታሪኩ ሁሉ ዋጋ የሚታወቅበት ነውና።

ድራማዎቹ የማይቋጩበት ምክንያት የሚጀምረው ከንግዱ ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች አንድን ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሳዩት በኋላ ክፍሎቹ ለየክልሉ ትንንሽ ጣቢያዎች በድጋሚ ይሸጡ ነበር። ገዢው ጣቢያ ክፍል 40ን ሰኞ፣ ክፍል 7ን ማክሰኞ ቢያሳይ ማንም እንዳይደናገር እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ መሆን ነበረበት። በ1951 መጨረሻ በቴሌቪዥን የጀመረው “ድራግኔት” የዚህ አሠራር አባት ነው። ጃክ ዌብ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ እየቀዳ ያዘጋጀው ይህ ድራማ ወንጀለኛውን በዚያው ማታ ይዞ፣ በመጨረሻ ካሜራ ፊት አቁሞት ተራኪው የተፈረደበትን ቅጣት ያነባል። በ1952 ሥራ ላይ የዋለው የብሮድካስተሮች የሥነ ምግባር ደንብም ወንጀል የሚያስጠላ ሆኖ እንዲቀርብ ያዝዝ ስለነበር፣ መዝገብ ተከፍቶ መዝገብ ሳይዘጋ የሚያድር ወንጀል አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ወንጀል፣ ሌላ ወንጀለኛ ይመጣል።

“ዘ ፊዩጂቲቭ” ይህን ሥርዓት የተቃወመው ሳያስበው ነው። ሮይ ሀጊንስ የፈጠረው ሰው በየሳምንቱ ሌላ ከተማ ቢገባም፣ ዋናው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀጥላል፤ ተመልካቹም ጥያቄውን ይዞ ያድራል። በ1967 ድራማው ሊቆም ሲወሰን በኤቢሲ ይሠራ የነበረው ሌናርድ ጎልድበርግ፣ በኋላ ራሱ ሲተርከው እንደኖረው፣ 4 ዓመት አብሮን የተጓዘን ሕዝብ ፍጻሜውን ሳናሳየው ልንሸኘው አይገባም ብሎ ተከራከረ። ፍጻሜው ከታወቀ የድሮዎቹን ክፍሎች ማን ይገዛናል የሚል ስጋትም ነበር። ቢሆንም ታሪኩ በ2 ክፍሎች ተቋጨ።

ያ ክፍል ዛሬም ቢታይ ያስደንቃል። ኪምብል ገዳዩን እያሳደደ በአንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ባለ ከፍተኛ ማማ ላይ ይወጣል። ፍሬድ ጆንሰን የተባለውን ገዳይ የተጫወተው ቢል ሬይሽ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጁን በእውነት ያጣ ሰው ነበር። እዚያ ላይ፣ ከኪምብል በቀር ማንም በማይሰማበት፣ ገድያታለሁ ብሎ ይናዘዛል። ለዓመታት ኪምብልን ሲያሳድድ የኖረው መርማሪ ጄራርድ ከታች ተኩሶ ይጥለዋል። ግን ኑዛዜውን የሰማ ሌላ ሰው የለም፤ ኪምብል አሁንም በሕግ ፊት ነፍሰ ገዳይ ነው። የሚያድነው ጎረቤቱ ነው። ቻንድለር የሚባለው ይህ ጎረቤት በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የተከበረ ሰው ሲሆን፣ ግድያው ሲፈጸም ደረጃው ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል፤ በፍርሃት ደርቆ ቀርቶ ሴትዮዋን አልደረሰላትም። ክብሬ ይዋረዳል ብሎ ምስክርነቱን ሸሸገ። አንድ ንጹሕ ሰው 4 ዓመት የተሰደደው በጎረቤቱ ሃፍረት ምክንያት ነው። ደራሲዎቹ ገዳዩን ብቻ አሳይተው መሰነባበት ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን ዝም ያለውን ሰው ጨምረው አሳዩን። የመጨረሻ ክፍል እንዲህ ሲሆን ወደኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሁሉ ይለውጠዋል።

ከዚህ በኋላ ጣቢያዎቹ ትምህርት ወሰዱ፤ የወሰዱት ግን ሌላ ትምህርት ነው። የታሪክ መቋጫ ይህን ያህል ሕዝብ ከሰበሰበ፣ መቋጫውን መከልከል ደግሞ ሕዝቡን አስሮ ያቆያል። የዚህ ትምህርት ዋና ምሳሌ “ዳላስ” ነው፤ የነዳጅ ከበርቴ ቤተሰብ ድራማ እንጂ የወንጀል ድራማ አልነበረም። ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ ለአንዱ ምዕራፍ ተጨማሪ ክፍሎች ስላዘዘ አዘጋጆቹ ታሪኩን የሚያራዝሙበት መላ ፈልገው ጄ.አር. ኢዊንግን በጥይት አስመቱት። ማርች 21 ቀን 1980 ላሪ ሀግማን የተጫወተው ያ ክፉ ሰው ቢሮው ውስጥ ወደቀ፤ ምዕራፉም ተኳሹ ሳይታይ አበቃ። ያን ክረምት የተዋንያን አድማ ስለነበር ቀጣዩ ምዕራፍ ዘገየ፤ ሀግማንም ክፍያ ይጨመርልኝ ብሎ ተደራደረ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ሌሎች ተዋንያንም ሽጉጥ ይዘው ሲተኩሱ ተቀረጹ። እንግሊዝ አገር ተኳሹ ማን ነው በሚል ውርርድ ተደረገ። ኖቬምበር 21 ተኳሿ የሚስቱ እህት ክሪስቲን መሆኗ ሲገለጥ 83 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ አየው፤ የኪምብልም ክብረ ወሰን ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ልብ አንጠልጣይ የምዕራፍ መዝጊያ ሕግ ሆነ። እኔ በዚህ ልማድ ደስተኛ አይደለሁም። ኪምብልን የቋጩት ሰዎች ለተመልካቹ የሚገባውን ከፈሉ፤ የዳላስ ሰዎች ደግሞ ክፍያውን አዘግይተው ወለድ በሉበት። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ የወንጀል ድራማ ምዕራፉን የሚዘጋው ሽጉጥ ተደግኖ፣ በር ተንኳኩቶ፣ ፊት ሳይታይ ነው። በ2011 “ዘ ኪሊንግ” የተሰኘው የአሜሪካ ድራማ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የተገደለችውን ልጅ ገዳይ ሳያሳውቅ ሲዘጋ ተመልካቹ የተቆጣው፣ እኔም በሙሉ ልብ እደግፈዋለሁ፣ ምዕራፉን ሙሉ በዚያ ጥያቄ ተይዞ ስለነበር ነው።

ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት በ1990 “ትዊን ፒክስ”ን ሲጀምሩ አገሩ ሁሉ የድራማውን ሟች ላውራ ፓልመርን ማን ገደላት እያለ ይጠይቅ ነበር። ሊንች መልሱን ቶሎ የመስጠት ፍላጎት አልነበረውም፤ ጣቢያው ግን ገፋፋውና በሁለተኛው ምዕራፍ መሐል ገዳዩ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ እየሸሸ ሄደ። ጁን 10 ቀን 1991 የተላለፈውን የምዕራፉን መዝጊያ ሊንች ራሱ ተመልሶ ዳይሬክት አደረገው፤ ቅኑ መርማሪ ኩፐር ግንባሩን ከመስታወት ጋር ሲያጋጭና መስታወቱ ውስጥ የክፋት መንፈስ ሲታይ ድራማው አበቃ። ጥሩው ሰው ተሸነፈ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የወንጀል ታሪክ በእንዲህ ያለ ጨለማ ሲዘጋ ብዙ ሰው አላየም ነበር።

ያን ድራማ በአድናቆት ካዩት አንዱ ዴቪድ ቼዝ ነው። የእሱ “ዘ ሶፕራኖስ” በጃንዋሪ 1999 ኤችቢኦ በተባለው የኬብል ጣቢያ ላይ ጀመረ፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ የሚኖረውን የማፍያ አለቃ ቶኒ ሶፕራኖን ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነሥነ ልቦና ሐኪሙ በ86 ክፍሎች አሳየን። የመጨረሻው ክፍል ጁን 10 ቀን 2007 ተላለፈ፤ የትዊን ፒክስ መዝጊያ ከታየ ልክ በ16ኛ ዓመቱ። 11.9 ሚሊዮን ሰው አየው። እኔ የመዝጊያውን ትዕይንት በኤዲቲንግ ፕሮግራሜ ታይምላይን ላይ አስገብቼ ከት በከት፣ ማለት ቆረጣ በቆረጣ፣ ፈትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ብነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ቦታው ብሉምፊልድ የምትባል ከተማ ውስጥ ያለ ሆልስተንስ የሚባል የአይስክሬም ቤት ነው። የከተማዋ ምክር ቤት ድራማው ጣልያን አሜሪካውያንን ያዋርዳል ብሎ መጀመሪያ ቀረጻውን ከልክሎ ነበር፤ በኋላ ፈቀደ። ቶኒ ገብቶ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ካለችው የሙዚቃ ማጫወቻ ዘፈን ይመርጣል። በሩ ላይ ደወል አለች። ደወሏ ስትሰማ ቶኒ ቀና ይላል፤ ከዚያ ካሜራው እሱ የሚያየውን ያሳየናል። አንዲት ሴት ገባች። ኮፍያ ያደረገ ሰው ገባ። ሚስቱ ካርሜላ ገባች። ግራጫ ጃኬት የለበሰ አንድ የማናውቀው ሰው ገባ፤ ከኋላው የቶኒ ወንድ ልጅ ተከተለ። ደወል፣ የቶኒ ፊት፣ ቶኒ የሚያየው። ኤዲተሩ ሲድኒ ዎሊንስኪ ይህን ሥርዓት እየደጋገመ ዓይናችንን ያለማምደዋል፤ በቶኒ ዓይን እንድናይ ያደርገናል። ባለ ጃኬቱ ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ቆይቶ ተነሣና በቶኒ ጎን አልፎ ወደ መጸዳጃ ቤት ገባ። ውጭ ሴት ልጁ ሜዶው መኪናዋን ከዳር ለማቆም ትታገላለች፤ በመጨረሻ ተሳክቶላት መንገዱን እየሮጠች ታቋርጣለች። ደወሏ ጮኸች። ቶኒ ቀና አለ።

ቀጥሎ መምጣት ያለበት ቶኒ የሚያየው ነው። የመጣው ጥቁር ነው። ዘፈኑ በመሐሉ ተቆረጠ፤ ስክሪኑ ለ10 ሰከንድ ያህል ያለ ድምፅ ጠቆረ፤ ከዚያ የሠሪዎቹ ስም ያለ ሙዚቃ ወጣ። ብዙ ተመልካች ኬብሉ የተበላሸ መስሎት ነበር። ቼዝ ጥቁሩ እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ፣ የሠሪዎቹም ስም እንዳይወጣ ይፈልግ ነበር፤ የዳይሬክተሮች ማኅበር ግን አልፈቀደለትም።

በማግሥቱ ተታለልን ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ይህን ክፍል ከዳላስ ጋር መደመር ፍርደ ገምድልነት ነው እላለሁ። በዚያው ምዕራፍ ቀደም ብሎ ቶኒና የእህቱ ባል ቦቢ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ስለ ሞት ሲያወሩ፣ ቦቢ ሲደርስብህ ምናልባት አትሰማውም የሚል ሐሳብ ይሰነዝራል። ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ቶኒ መሣሪያውን ታቅፎ ሊተኛ ሲል ይህንኑ ያስታውሳል። እንግዲህ በሥርዓቱ ብንሄድ፣ ከደወሉና ከፊቱ ቀጥሎ የሚታየው ቶኒ የሚያየው ከሆነ፣ ቶኒ ያየው ጥቁር ነው፤ ምንምም አልሰማም። ቼዝ መልሱን በከት ሰጥቶናል። በ2019 የታተመ አንድ መጽሐፍ ላይ ከ2 የቴሌቪዥን ሐያሲያን ጋር ሲነጋገርም ትዕይንቱን የሞት ትዕይንት ብሎ ጠርቶታል። ቶኒ ሞቷል፤ እኛም የሞቱን ቅጽበት ያየነው በራሱ ዓይን ነው። ቼዝ ለዚህ ክፍል ድርሰት የኤሚ ሽልማት ተሸልሟል።

ከዚያ ወዲህ ድራማቸውን የቋጩት ደራሲዎች ከሁለቱ መንገዶች፣ ከመዝጋትና ክፍት ከመተው፣ አውቀው መረጡ። በ2008 “ዘ ዋየር” ሲጠናቀቅ የቀድሞው ጋዜጠኛ ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ወንጀል ሲያበቃ ሳይሆን ወንጀለኞቹ ሲተካኩ አሳየን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወጣት በቦታው ይገባል። በ2013 “ብሬኪንግ ባድ” ደግሞ የተከፈተውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋ። ሁለቱንም እደግፋለሁ፤ ታሪካቸው ከመጀመሪያው የጠየቀውን መልሰዋልና።

እኛም ይህን ጉጉት እናውቀዋለን። “ሰው ለሰው” በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ይደርስበት ይሆን እያለ ያልተነጋገረ ቤት ጥቂት ነው። እኔ በኤዲተርነት ከሠራሁባቸው ድራማዎች አንዱ ግን ግድያ ተፈጽሞበት፣ ጥርጣሬው ከሰው ሰው ሲዞር ቆይቶ፣ ስፖንሰሩ ውሉን ባለማደሱ በምዕራፍ መሐል ቆመ። ተዋንያኑ ተበተኑ፤ የተቀረጸው ሃርድ ዲስክ ላይ ቀረ። ገዳዩን የምናውቀው ደራሲውና እኔ ነን። ለወራት ሰፈር ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰዎች ማን ነበር ገዳዩ እያሉ ጠይቀውኛል። እነዚያ ሰዎች ማምሻቸውን ሰጥተውን ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ የአማርኛ የወንጀል ድራማ ለምትጽፉ፣ ለምታዘጋጁና ገንዘብ ለምታወጡ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ውል ስትፈርሙ የመጨረሻውን ክፍል ወጪ ለብቻው አስቀምጡ፤ ማንም እንዳይነካው። ድራማው ከታሰበው ቀድሞ መቆም ግድ ቢሆንበት እንኳ ያችን አንድ ክፍል ቅረጹና ገዳዩን ለተመልካቹ ንገሩት።