ኮፕራይም፦ የማይጋሩ ቁጥሮች

በሒሳብ «ኮፕራይም» የሚባሉት ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። 8 እና 9ን እንውሰድ፤ 8ን የሚያካፍሉት 2፣ 4 እና 8፣ 9ን ደግሞ 3 እና 9 ናቸው፤ የሚገናኙበት የለም። 6 እና 9 ግን 3ን ይጋራሉ። ስሙን «አንጻራዊ ብቸኛ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ሆኖም 8ም ሆነ 9 ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥር ስላልሆኑ አንባቢን ያሳስታል። «የማይጋሩ ቁጥሮች» ብንላቸው ትርጉሙ ከስሙ ይነበባል።

ቁም ነገሩ ዑደቶች ሲገናኙ ይታያል። በቦረና አቆጣጠር ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት፣ በጥቅሉ 354 ቀን ነው። ቀኖቹ ደግሞ 27 ስም አላቸው፤ ስሞቹ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ዓመቱ «ቢታ ቀራ» በተባለው ቀን ገባ እንበል። ስሞቹ 13 ጊዜ ሲዞሩ 351 ቀን ይሆናል፤ 3 ቀን ይተርፋል። የሚቀጥለው ዓመት ስለዚህ በአራተኛው ስም ይገባል። በየዓመቱ ሦስት ሦስት ስም እየዘለለ በ9 ዓመት፣ ማለትም በ3,186 ቀን፣ ወደ ቢታ ቀራ ይመለሳል።

27 ዓመት ያልፈጀው 27 እና 354 ሁለቱም ለ3 ስለሚካፈሉ ነው። ስሞቹ 25 ቢሆኑ ኖሮ፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ 25 እና 354 ስለማይጋሩ መመለሻው 25 ዓመት ወይም 8,850 ቀን ይሆን ነበር።

ነገሌ ቦረና ላይ እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ የሰባት ቀን ሳምንትም ይቆጠራል። የዓመቱ መግቢያ፣ የቀኑ ስምና የሳምንቱ ቀን ሦስቱም እንደ መጀመሪያው የሚገጥሙት መቼ ነው? 7 ከ3,186 ጋር ምንም ስለማይጋራ ሙሉ በሙሉ ይባዛል፦ 22,302 ቀን፣ ማለትም 63 የጨረቃ ዓመት። 22,302 ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲበተን 2 × 3 × 3 × 3 × 7 × 59 ነው፤ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትም 32 ቁጥሮች ናቸው።

ስሌቱ ግን ለ354 ቀን ዓመት ብቻ ነው። የጨረቃ ዓመት በእውነቱ ከዚህ በሲሶ ቀን ገደማ ይበልጣል፤ በ63 ዓመት ልዩነቱ 23 ቀን ይደርሳል። ቀን ቆጣሪዎቹ አያንቱዎች ጨረቃዋን ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ የሚቆጥሩትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ፋሲካ የሚሰላበት የባሕረ ሐሳብ ቀመሮችም በዚሁ ሕግ የተሠሩ ናቸው። ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው። በ4ቱ ወንጌላውያን ሲባዛ 76፣ ማዕከላዊ ቀመር ይሆናል፤ ይህም በ7ቱ የሳምንት ቀናት ሲባዛ 532፣ ዐቢይ ቀመር ይሆናል። 19፣ 4 እና 7 ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢታዩ የትኞቹም አይጋሩም፤ ከሦስቱ ሁለቱ እንኳ አካፋይ ቢጋሩ ኖሮ ፋሲካ ወደ ጥንት ቦታው ለመመለስ 532 ዓመት ባልጠበቀ ነበር።