የባርኔጣ ሠሪዎች መንቀጥቀጥ

«እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አእምሮው የተናወጠን ወይም ነገረ ሥራው ከሰው የወጣን ሰው ለመግለጽ ይነገራል። በ1829 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራው ብላክውድስ መጽሔት ታትሞ ይገኛል። ምንጩ ቢያከራክርም ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ወደ ሙያው ይወስዳል። ፈሊጡ ከዚያ ተወለደም አልተወለደ፣ በባርኔጣ ሠሪዎች ላይ የደረሰው ጉዳት እርግጥ ነው።

የባርኔጣው ጨርቅ አይሸመንም። የእንስሳ ጠጉር በሙቅ ውሃና በእንፋሎት እየታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል። ለዚህ ከሁሉ የተመረጠው የቢቨር ጠጉር ነበር፤ ቢቨር በአደን ብዛት እየተመናመነ ሲወደድ ግን ሠሪዎቹ ወደ ጥንቸል ዞሩ። የጥንቸል ጠጉር ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ አይያያዝም። መላ የተገኘለት በናይትሪክ አሲድ በሟሟ ባዜቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ ነው። ውሁዱ የተቀባ ጠጉር ሲደርቅ ጫፉ ብርቱካናማ ስለሚሆን ሠራተኞቹ ሥራውን በካሮት ስም ይጠሩት ነበር።

ጠጉሩ እንደ ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል፤ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ቅርጽ ሲይዝ ደግሞ ባዜቃው ይተናል። አየር በማይገባበት ክፍል ይህን ለዓመታት የሳበ ሠራተኛ ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ምራቁ ይበዛል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። የከፋው የጠባዩ መለወጥ ነው፤ ዓይን አፋር ይሆናል፣ ሰው ይሸሻል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። በትዳርና በጉርብትና ላይ የሚያደርሰውን መገመት አያዳግትም። ሉዊስ ካሮል በ1865 ስለ አሊስ በጻፈው መጽሐፍ ያለው ባርኔጣ ሠሪ ለፍላፊና ጨዋታ ወዳድ በመሆኑ ይህን ሕመም አይመስልም፤ የፈሊጡን ዝና ያስፋፋው ግን እርሱ ነው።

በአሜሪካ የሙያው መናኸሪያ በኮነቲከት የምትገኘው ዳንበሪ ነበረች፤ ዛዶክ ቤኔዲክት በ1780 የባርኔጣ ፋብሪካ የከፈተባት ከተማ ናት። በሽታው እዚያ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» ተባለ። በኒው ጀርሲ ሐኪሙ ጄ. አዲሰን ፍሪማን በባርኔጣ ሠሪዎች ላይ የሚታየው ሕመም ከባዜቃ የመጣ መሆኑን በ1860 ጽፎ አሳትሟል። ማስረጃው ሳይጠፋ ሠራተኛው ከሰማንያ ዓመት በላይ እንደተመረዘ ቀጠለ፤ ይህ መዘግየት ለሰው ጤና ከተሰጠው ዋጋ ይልቅ ለባርኔጣው የተሰጠው ዋጋ ይበልጥ እንደነበር ያሳያል። በአሜሪካ ባዜቃን ለባርኔጣ መጠቀም የቆመው በታኅሣሥ 1941 ነው። ለዚህም የጤና ባለሥልጣናት ግፊት ብቻ ሳይሆን ባዜቃው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ ማቀጣጠያ መፈለጉ አስተዋጽኦ አድርጓል።

መርዙ በፋብሪካዎቹ መዘጋት አልጠፋም። በዳንበሪ በሚያልፈው ስቲል ወንዝ ደለል ውስጥ ባዜቃ ተገኝቷል፤ በሙዚየም የተቀመጡ አሮጌ ባርኔጣዎችም መርዙ በውስጣቸው ስለሚቀር በጥንቃቄ ይያዛሉ።